ምን ካሜራ ልግዛ ለምትሉኝ

አቃቂ በሰቃ ውስጥ አንድ ጊዜ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የታየ ሰው ሹመቱ ብዙ ነው። የጎረቤት ልደትና ክርስትና በነፃ ያነሳል። ስልኩ የሞላበት ሁሉ "እስቲ ይቺን አራግፍልኝ" እያለ ያስረክበዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ "ምን ካሜራ ልግዛ?" ለሚል ሁሉ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል። ጥያቄው ከአቃቂ ድልድይ እስከ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ይከተለኛል። ታክሲ ሰልፍ ላይ እጠየቃለሁ፤ ለቅሶ ቤት ካርታ እየተጫወትን እጠየቃለሁ፤ ጠበል ጻዲቅ ላይ በጉርሻ መሐል እጠየቃለሁ።

ጠያቂዎቼ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ካሜራውን ቀድመው የመረጡ ናቸው፤ ከእኔ የሚፈልጉት ለሚስታቸው የሚያቀርቡት ምስክር ነው። ሁለተኛዎቹ ቤሳ ቤስቲን የላቸውም፤ ግን ዱባይ ያለችው እህታቸው "ምን ላምጣልህ?" ብላለችና ሐሳቧን ሳትቀይር ስሙን ቶሎ መላክ አለባቸው። "ያነሳሁትን የት ላስቀምጥ?" ያለኝ ግን ከሁለቱም ወገን አንድ እንኳ የለም። እኔ ደግሞ የፎቶ ዋጋ የሚታወቀው በተፈለገበት ቀን ነው ባይ ነኝ። የተነሳበት ቀንማ ሁሉም ቆንጆ ነው። ምክሬም ሁሉ የሚነሳው ከዚያ የፍለጋ ቀን ነው።

ስለ ሜጋ ፒክስል ቶሎ ብለን እንገላገል። "የእኔ ስልክ 108 ነው፤ የአንተ ካሜራ 24 ብቻ ነው አሉ" ይለኛል አንዱ ጎረምሳ፣ በሐዘኔታ እያየኝ። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቭ ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 0.01 ሜጋ ፒክስል ነበር። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ገደማ ሲሆን አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ በካሴት ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ሲያድግ ሲያድግ ከሚያስፈልገን አልፎ ሄዷል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ባነር በኢንች 100 ነጥብ ቢታተም የሚጠይቀው 3,900 ፒክስል ገደማ ነው፤ የ24 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ወደ 6,000 ይሰጣል። የሳሎናችሁ ግድግዳ ከአደባባዩ ካልሰፋ በቀር በቁጥር አትሸበሩ።

ገንዘባችሁን ሌንስ ላይ አውሉት። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው 18-55 ለውጭ ብርሃን አያሳማም፤ ማታ አንድ አምፖል በሚያበራበት ሳሎን ልደት ሲመጣ ግን ይደክማል። 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 የምትባለዋ ትንሽ ሌንስ በዋጋዋ ከርካሾቹ ተርታ ናት። ያም ሆኖ 18-55ቱ እስከ ጥግ ሲሳብ ከሚከፈትበት ኤፍ 5.6 ጋር ስትተያይ አሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ታስገባለች። ያገለገለ ካሜራ በጥሩ ሌንስ፣ አዲስ ካሜራ በደካማ ሌንስ ከመያዝ በብዙ ይሻላል። ዱባይ ላለችው እህት የሚላከው መልእክት ይኸው ነው። ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ ካለ ደግሞ ከታመነ መደብር የተገዛ ሜሞሪ ካርድ ትጨምርበት።

ምክንያቱም እዚህ መንገድ ዳር ተነጥፎ የሚሸጥ፣ "512 ጂቢ" የተጻፈበት፣ ዋጋው ከአንድ ምሳ ብዙም የማይርቅ ካርድ አለ። እውነተኛው መጠኑ 8 ወይም 16 ጂቢ ሊሆን ይችላል፤ ለካሜራውም ለኮምፒውተሩም ግን "512 ነኝ" ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ነው የተሠራው። ቂጡ የተቀደደ ጆንያ በሉት፤ ከላይ ስትጨምሩበት ከታች ይፈሳል፣ እናንተ አፉን እያያችሁ "ገና አልሞላም" ትላላችሁ። ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት የፋይሉ ስም በሙሉ አለ፤ ሙሽራዋ ግን ከወገቧ በታች ግራጫ ናት። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ካርዱን ጢም አድርጎ ሞልቶ መልሶ ያነበውና ልኩን ይነግራችኋል። ካርድ የገዛ ሰው ሰርግ ከመሄዱ በፊት ይህን አስሠርቶ ይደር። ደግሞም ከአንድ 128 ጂቢ ሁለት 64 ጂቢ ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ወይ ኬኩ ወይ ቡራኬው ይተርፋል።

አቃቂ ላይ የሚያነሳ ሰው የአቧራም ባለ ዕዳ ነው። በበጋ ሲኖትራኩ አሸዋ ጭኖ በደብረ ዘይት መንገድ ሲያልፍ የሚያስነሳው አቧራ ልብስ ሰፊውንም ሥጋ ቤቱንም አዳርሶ ካሜራ ውስጥ ይገባል። መንገድ ዳር ሌንስ አትቀይሩ። ግድ ከሆነ ካሜራውን አጥፉት፣ አፉን ወደ መሬት ድፉት፣ ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ። ሴንሰሩ ላይ አቧራ ካረፈ በአፋችሁ "እፍ" እንዳትሉበት፤ ምራቅ ትጨምሩበታላችሁ። በእጅ የምትጨመቅ የጎማ መንፊያ አለች፣ እሷን ያዙ። አንድ የማውቀው ልጅ ያነሳው የሰርግ አልበም ውስጥ ከሙሽራው ራስ በላይ አንዲት ወፍ ትታያለች። ወፏ ከሙሽራዋ ቤት ደጃፍ ተነስታ እስከ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ድረስ፣ ገጽ በገጽ፣ እዚያው ቦታዋ ላይ አጅባቸዋለች። ቤተሰቡ መልካም ምልክት ነው ብሎ ተቀብሎታል።

ስለ ቢሾፍቱ ከተነሳ፣ ሙሽሮቻችን ሐይቁ ዳር የሚደርሱት ሁልጊዜ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ነው። በዚያ ሰዓት ማንም ሰው ዓይኑ ጉድጓድ፣ አፍንጫው ጢም ያወጣል። መፍትሔው ከካሜራው ቦርሳ ውስጥ አይገኝም። ሙሽሮቹን የዛፍ ወይም የግንብ ጥላ ውስጥ አቁሙና ሁለት ሚዜዎች ነጭ ነጠላ ወጥረው ከፀሐዩ በኩል ብርሃኑን ወደ ፊታቸው ይመልሱት። ነጠላው የስቱዲዮ ሪፍሌክተር የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል፤ ሲያልቅ ደግሞ ይለበሳል። ለስላሳውን ብርሃን ከፈለጋችሁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። እኛ አገር ጀንበር ማዘቅዘቅ ከጀመረች ቶሎ ትጠልቃለችና ሚዜዎቹ ሱሪያቸውን እስኪተኩሱ አትጠብቅም።

ካሜራ አንድ ሌላ ግትርነት አለው። ፊቱ ያለው ዓለም በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ያምናል። ጥምቀት ላይ ነጭ የሀገር ልብስ የለበሰ ሕዝብ ሲሞላበት "ብርሃን በዛ" ብሎ ሁሉንም ያጨልመዋል፤ ነጠላው የሦስት ሳምንት እድፍ ይመስላል፣ የሰዎቹም ፊት ይጠፋል። ያኔ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ፈልጋችሁ አንድ ወደ መደመሩ ግፏት። ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች ብቻቸውን ሲቆሙ ደግሞ ትንሽ ወደ መቀነሱ።

አሁን ፎቶ ቤት እንግባ። የእኛ ሰፈር ፎቶ ቤት ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚያወራበት ክፍል ነው። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ በሸሚዝ የገባ ወንድ ሁሉ በፎቶሾፕ ኮትና ክራባት ለብሶ ይወጣል። ኮቱ አንድ ነው፤ ሰማያዊ፣ ክራባቱ ቀይ። ሹፌሩም መምህሩም ደላላውም መታወቂያቸው ላይ ያቺኑ ኮት ለብሰዋል። ይህ እንኳ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ የፎቶ ቤቱ ልጅ ኮት ማልበስ ሲሰለቸው ቆዳ መግፈፍ መጀመሩ ነው።

አንድ ቀን የሙሽራ እናት አልበም ሳይታተም አይተው እንዲፈቅዱ ተጠሩ። ልጁ ሙሽራዋን ስክሪኑን ሞልቶ ከፈታት። ቆዳዋ ሰም መስሏል፤ አፍንጫዋ ቀጥኗል፤ ጠይምነቷ ወደ ሻይ በወተት ተሻሽሏል።

"እማማ፣ እንዴት ነው? አላማረችም?"

እማማ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉ። "ታምራለች። የማን ልጅ ናት?"

"ኧረ እማማ! የእርስዎ ናት እንጂ!"

"የእኔ ልጅ ቅንድቧ ሥር ጠባሳ አላት። ከአባቷ ብስክሌት ወድቃ ነው፤ ደሟን በዚህ እጄ ነው የጠረግሁት። በል ልጄ፣ ጠባሳዋን መልስልኝና አልበሙን እወስዳለሁ።"

ልጁ ዝም አለ። ጠባሳዋን ሊመልስ አይችልም፤ ኦሪጅናሉ ላይ ሠርቶ፣ እዚያው ላይ ሴቭ ብሎት ነበር።

ስለ ኤዲት የማውቀው ሁሉ ከእማማ ንግግር አይዘልም። ኦሪጅናሉን አትንኩ፤ ቅጂው ላይ ሥሩ። በሁለት ሳምንት በራሱ የሚጠፋውን ብጉር አጥፉ፤ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖረውን ጠባሳ ተዉ። ካሜራችሁ "ሮው" የሚባለውን ፋይል ከሰጠ ለዋና ዋናው ቀን በእሱ አንሱ። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲይዝ፣ ባለ 14 ቢት ሮው 16,384 ይይዛል፤ የጠቆረ ፊት ሲነሳና የነጣ ቬሎ ሲመለስ ልዩነቱ እዚያ ላይ ይታያል። ላይትሩምን የመሰሉ ፕሮግራሞች ደግሞ ሮውን ሳይነኩ "እዚህ አብራ፣ እዚያ አጨልም" የሚለውን ትእዛዝ ለብቻው ይጽፋሉ፤ ጠባሳም ቅንድብም ባለበት ይኖራል። የስክሪናችሁን ብርሃን እስከ ጥግ ከፍታችሁ አትሥሩ፤ እሱ ላይ ፏ ያለው ወረቀት ላይ ጨልሞ ይወጣል። መቶውን ከማሳተማችሁ በፊት አንዷን አሳትማችሁ በር ላይ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩዋት።

እንግዲህ ወደ ፍለጋው ቀን ደረስን። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ የወጡ አንድ የእድራችን ጋሼ አረፉ። አምስት ልጆች አሏቸው፤ አምስቱም ስማርት ስልክ አላቸው፤ በአምስቱ ስልክ ውስጥ የምግብ፣ የጫማና የመኪና መስኮት ፎቶ በሺህ የሚቆጠር አለ። ለባነር የሚሆን የአባታቸው ፎቶ ግን ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ ተፈልጎ በቴሌግራም የተላከ አንድ የሰርግ ፎቶ ተገኘ፤ ጋሼ ከሃያ ሰው ጋር በረድፍ ቆመዋል። ቴሌግራም በተለመደው መንገድ የተላከን ፎቶ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። ለሃያ ሰው ሲካፈል ለነፍስ ወከፍ 64 ፒክስል፣ ያውም ከነትከሻ። ባነሩ ተሠርቶ ድንኳኑ ላይ ሲሰቀል ጋሼ ግማሽ ሰው፣ ግማሽ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ሆኑ። በዚያ ላይ ግራ ትከሻቸው ላይ አንድ እጅ ቀርቷል። የእድሩ ሊቀመንበር ቀና ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ይሄ እጅ የማን ነው?" አሉ። ማንም አላወቀም።

በማግስቱ ባለቤታቸው እትዬ ከቁም ሣጥኑ ሥር የብስኩት ጣሳ አወጡ። ጣሳው ውስጥ ጋሼ በወጣትነታቸው ፎቶ ቤት ገብተው፣ የማይደውል ስልክ ጆሯቸው ላይ ደግነው የተነሱት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነበር። ጥርት ያለ፣ የሸሚዛቸው ቁልፍ የሚቆጠር። ከጀርባው በቀለም "ለማስታወሻ" ይላል፤ ስም፣ ቀንና ቦታ አለው። እሱ ስካን ተደርጎ አዲስ ባነር ተሰቀለ። ጉዳቱ አንድ ብቻ ነበር። ከሩቅ የመጡ ለቀስተኞች ባነሩን እያዩ "አይ! ገና ልጅ ነበር እኮ!" እያሉ አለቀሱ።

ጣሳው ያሸነፈው በምን እንደሆነ አስቡት። ያለበትን ቦታ የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ ጀርባው ላይ ተጽፎበታል። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1982 የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት ሽመልስ ደስታ ያነሷቸው ኔጋቲቮች ንጉሡ ወርደው፣ አብዮቱ አልፎ፣ ባሕር ተሻግረው ለንደን ውስጥ ለኤግዚቢሽን በቅተዋል። ሥርዓት ሲለወጥ የተረፈውን ያህል የእኛ ፎቶ ስልክ ሲለወጥ ቢተርፍ ምን ነበረበት?

የዘመኑ ጣሳ እንዲህ ይሠራል። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ሕግ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይባላል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። አንዱ ኮምፒውተራችሁ ላይ ይሁን። ሁለተኛው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ፤ ይህ ግን ከነኬብሉ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ የቤቱን ሕፃን የሚጠብቅ አይሁን። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሲሠራ ከወደቀ አለቀለት፤ ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው መውደቅን ይችላል። ሦስተኛው "ደመና" ላይ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጉግል ፎቶስ ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጡን እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2021 አቁሟል፤ አሁን በነፃ የሚሰጠው 15 ጂቢ ፎቶዎቻችሁ ከኢሜይላችሁ ጋር የሚካፈሉት ነው። በሮው የተነሳ አንድ ሰርግ፣ 1,500 ፎቶ በ25 ሜጋ ባይት፣ 37.5 ጂቢ ይመጣል። በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት ሳይቋረጥ ቢላክ ወደ 17 ሰዓት ይፈጃል። እኛ አቃቂዎች ለዚህ ትዕግሥት አናጣም፤ ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1915 እኛ ጋ ደርሶ ቀሪዋን 23 ኪሎ ሜትር ጨርሶ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ትዕግሥቱ ከሌላችሁ አንድ ሃርድ ዲስክ ሞልታችሁ ገላን ላለች አክስታችሁ አደራ ስጡ። አክስት የይለፍ ቃል አትረሳም።

ስትገለብጡ "ከት" አትበሉ፤ "ኮፒ" በሉ። መብራት መሐል ላይ ቢሄድ ኦሪጅናሉ ባለበት ይቆያል። ሁለት ቦታ መድረሱን ከፍታችሁ ሳታዩ ካርዱን ፎርማት አታድርጉ፤ ሲደረግም ካሜራው ውስጥ ይደረግ። በስሕተት የሰረዛችሁት ካለ በዚያ ካርድ ሌላ ፎቶ አትጨምሩበት፤ በላዩ እስካልተጻፈ ድረስ ፎቶሬክን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም አብዛኛውን ይመልሰዋል። ለማሳተም ፎቶ ቤት ስትሄዱ የሚታተመውን ብቻ በሌላ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የዚያ ኮምፒውተር ሾርትከት ቫይረስ ስንቱን ፎልደር ወደ ቀስት ምልክት ለውጦ ስንቱን እናት አስለቅሷል! ቢደርስባችሁም አትደንግጡ፤ ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። ዋናውን ካርድ መውሰድ ግድ ከሆነባችሁ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ሳቧት። ለዘመድ ስትልኩም በቴሌግራም "ፋይል" ብላችሁ ላኩት፤ ያኔ እንዳለ ይደርሳል።

ስሙን ግን ራሳችሁ አውጡለት። "ኒው ፎልደር 3" የሚባል ልጅ ማንም ክርስትና አላስነሳም። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ጉዳይ ብላችሁ ጻፉ፦ "2017-05-11 ጥምቀት"። እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ በተርታ ያሰልፋቸዋል። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ብቻ ስለሆነ ሁለቱን አታደባልቁ፤ አንዱን መርጣችሁ በእሱ ጽኑ። የእኛን ከመረጣችሁ 13ኛው ወርም በሥርዓቱ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል።

ይህ ሁሉ መቼ ይሠራል ካላችሁ፣ ለእሱ የተፈጠረችው ያቺው ደመወዝ የማይከፈልባት ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን 1 የስልኩን ሁሉ ገልብጡ። በ2 የደበዘዘውን፣ የተደገመውን፣ ጣት የገባበትንና በቴሌግራም የጎረፈላችሁን "እንኳን አደረሳችሁ" የሚል አበባ ሁሉ ሰርዙ። በ3 ሩፋኤል ነው፤ ልጆቹ ዝናቡን ጠበል ብለው ሲራጩ እናንተ ፎልደር ላይ ስም ጻፉ፣ ሃርድ ዲስኩን ግን ጠበል አታስነኩት። በ4 ጥቂቶቹን አሳትማችሁ ከጀርባቸው ማን እንደሆነ ጻፉ። በ5 ገላን ላለችው አክስት አደራዋን አድሱላት። በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ 6ኛዋ ቀን ስትመጣ ደግሞ ካሜራውን ለሌላ ሰው ስጡና ራሳችሁ ተነሱ፤ የፎቶ አንሺ ፎቶ በገዛ ቤቱም አይገኝምና። ፊት ለፊት፣ ጥላ ውስጥ፣ ማንም ትከሻችሁ ላይ እጁን ሳያሳርፍ። ኮቱም የራሳችሁ ይሁን።